1780 የሚለው ብር ዕድሜው ስንት ነው?



በጎንደር ከተማም ሆነ ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅና ወደ ጃናሞራ በሚወጣው ደጋ ጠገራ ብር በዓይኑ ያላየ ሽማግሌ ማግኘት ይቸግራል። ከአያት የወረደ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ ከሣጥን ሥር የተቀመጠ፣ ወይም ማንጠልጠያ ተበጅቶለት ከድሪ ጋር የተሰካ ማርትሬዛ ዛሬም በየቤቱ አለ። ባለቤቱን «ይህ ብር የመቼ ነው?» ብትሉት ገልብጦ ንስሩ ያለበትን ፊት ያሳያችኋል፤ በዙሪያው ከተጻፉት የላቲን ፊደላት መጨረሻ 1780 የሚል ቁጥር አለ። «እንግዲህ ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በላይ ሆኖታል» ይላችኋል።

አይደለም። ቁጥሩ የብሩን ዕድሜ አይናገርም። አያታችሁ ያስቀመጡት ብር በ1790 የተመታ ሊሆን ይችላል፤ በ1860ም ሊሆን ይችላል፤ በ1936 ሮም ውስጥ፣ በ1941 ቦምቤይ ውስጥ የተመታም ሊሆን ይችላል። ሁሉም 1780 ይላሉ። ዕድሜውን የሚናገረው ሥዕሉ ነው፤ በብሩ ላይ ያለችው የንግሥቲቱ የማሪያ ቴሬዛ የትከሻዋ ጌጥ፣ የራሷ ዕንቁ፣ የሻሿ ጫፍ፣ የንስሩ ጭራ፣ የብሩ ጠርዝ። ዛሬ የምናወራው ይህን ማንበብ እንዴት እንደሚቻልና ማንበቡ ለእኛ ለጎንደሮች ለምን እንደሚጠቅመን ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ዓ.ም. ካላልሁ በቀር የፈረንጅ ናቸው፤ ገንዘቡን በራሱ አቆጣጠር ብንከተለው ይቀለናል።

ማሪያ ቴሬዛ በኦስትሪያ ዙፋን የተቀመጠችው በ1740 ነው። መልኳን የያዘው ትልቁ የብር ገንዘብ በ1741 መመታት ጀመረ። በሕይወት ሳለች እያንዳንዱ ብር የተመታበትን ዓመት ይዞ ይወጣ ነበር። ባሏ በ1765 ሲሞት የሐዘን ሻሽ ለበሰች፤ እኛ የምናውቀው መልክ ይህ ባለሻሹ፣ የጎለመሰችው እመቤት መልክ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1780 አረፈች። በዚያን ጊዜ ግን የሜዲትራኒያን ምሥራቅና የቀይ ባሕር ነጋዴ ያንን ፊት ለምዶት ነበር። ሌላ ፊት ያለበትን ገንዘብ አልቀበልም አለ። ልጇ ዳግማዊ ዮሴፍ ለንግድ ሲባል የእናቱ መልክና 1780 የሚለው ቁጥር ሳይለወጥ መመታቱ እንዲቀጥል ፈቀደ። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ አልተነካም። ኦስትሪያ ራሷ በ1858 ከሕጋዊ ገንዘብነት ካወጣችው በኋላም ቪየና ለውጭ ገበያ መምታቷን አላቆመችም።

ከደረቷ በታች «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚሉ ሁለት ትናንሽ የላቲን ፊደላት አሉ። የቶቢያስ ሾብልና የዮሴፍ ፋቢ የስማቸው መነሻ ናቸው፤ ሁለቱም ዛሬ በጀርመን አገር ባለችው በጉንትስቡርግ ከተማ የገንዘብ መምቻ ቤት ሹማምንት ነበሩ። ጉንትስቡርግ በ1805 ከኦስትሪያ እጅ ወጣች። ፊደሎቹ ግን እንደ ቁጥሩ ሁሉ በየአገሩ ተገለበጡ። ስለዚህ ሁለቱን ፊደላት አይቶ «ይህ የጉንትስቡርግ ብር ነው» ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ማርትሬዛን የሚያጠና ሰው በቁጥሩና በፊደሎቹ መታለልን መጀመሪያ መተው አለበት።

እዚህ ላይ የከተማችንን ታሪክ የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ማሪያ ቴሬዛ ቪየና ላይ ስትነግሥ በእኛ ከተማ እቴጌ ምንትዋብ ነበረች። በ1730 ከልጇ ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ ጭና፣ በቁስቋም ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠርታ፣ በ1773 አረፈች። ሁለት ሴቶች፣ ሁለቱም ዙፋን በወንድ እጅ መሆን አለበት በሚባልበት ዘመን አገር የመሩ። ሁለቱም መልካቸውን በሥዕል አስቀርተዋል፤ የምንትዋብ ከእግዚእትነ ማርያም ሥር ተደፍታ፣ የማሪያ ቴሬዛ በብር ላይ። ቁስቋምን ለእንግዳ የምታስጎበኙ ልጆች ይህን ብትናገሩ መልካም ነው። ነገር ግን ጠገራ ብር አውጥቶ «ይህ የአፄ ፋሲል ገንዘብ ነው» ማለት ፈጽሞ መቅረት አለበት። አፄ ፋሲል የነገሡት ከ1632 እስከ 1667 ነው። የማርትሬዛ ብር የመጀመሪያው ሲመታ ፋሲል ካረፉ ከሰባ ዓመት በላይ አልፏል።

በዘመነ ጎንደር ገበያው የሚሠራው በአሞሌ፣ በወቄት ወርቅና በጨርቅ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 ወደ ጎንደር ሲገባ ያገኘው ያንን ገበያ ነው። ጠገራ በብዛት የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን ሲሆን፣ ያመጡትም በብዛት የከተማችን የአዲስ ዓለም ሰፈር ነጋዴዎች ናቸው። አንዱ መንገዳቸው በአድዋ አድርጎ ወደ ምጽዋ ይወርዳል፤ ሌላው በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳን ይገባል። ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወጣል፤ ባሪያም ይወጣ ነበር፤ ይህንን መሸፈን አይገባም። በምትኩ ጨርቅ፣ መሣሪያና ጠገራ ብር ይገባል። አሞሌው አልጠፋም፤ ለትንሹ ነገር ጨው፣ ለትልቁ ጠገራ እየተባለ ሁለቱ አብረው ኖሩ። በሬ፣ በቅሎ፣ ጠመንጃ፣ ጥሎሽ በጠገራ ይቆጠራል።

ነጋዴው ጠገራውን ዝም ብሎ አልተቀበለም። በዚያ መቶ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ ተጓዦች ደጋግመው ጽፈውታል፤ ሻጩ ብሩን ወደ ብርሃን አዙሮ በትከሻዋ ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራል፤ ዘጠኝ መሆን አለባቸው። ከራሷ በላይ ያለውን የዕንቁ ዘውድ ያያል። ከደረቷ በታች ያሉት ፊደላት ጎልተው ካልታዩት ይመልሳል። የተፋቀ፣ የላመ ወይም የጠቆረ ብር አይወስድም፤ ቢወስድም ዋጋ ቀንሶ ነው። ተጓዦቹ ይህን የጻፉት እየተማረሩ ነበር፤ ያልሠለጠነ ሕዝብ ግትርነት አድርገው ነው ያዩት። እኔ በዚህ አልስማማም። ያ ነጋዴ ፊደሉን ባያነብም ሥዕሉን በትክክል እያነበበ ነበር። ሐሰተኛ ብር የሚሠራ ሰው ትልቁን መልክ በቀላሉ ይገለብጣል፤ የሚሳሳተው በዕንቁው ቁጥር፣ በጭራው ላባና በጠርዙ ላይ ነው። ዛሬ በአውሮፓ ሊቃውንት መጻሕፍት የሚጽፉበት የመለየት ዘዴ እዚሁ በቅዳሜ ገበያ በዓይንና በጣት ይሠራበት ነበር።

በሌላው ዓለም ይህን የመሰለ ዕውቀት በማይጠበቅ ዕቃ ላይ ሁሉ አለ። የኩባን ሲጋራ የሚሰበስቡ ሰዎች ዘመኑን የሚለዩት ትምባሆውን አይተው አይደለም፤ በወገቡ ላይ የተጠመጠመችውን የወረቀት ቀለበት አይተው ነው። የወርቅማው ቀለም ስፋት፣ የነጥቦቹ ረድፍ፣ ከስሙ ሥር የገባ ወይም የወጣ አንድ ቃል የተጠቀለለበትን ዘመን ይነግራቸዋል። ወረቀቱን ያሳተመው ድርጅት ቀን አልጻፈበትም፤ ሳያስበው በሥዕሉ ላይ ዘመኑን ጥሎበታል። ጠገራችንም እንዲሁ ነው። ቅርጽ ቀራጩ 1780 ብሎ ቢጽፍም እጁን መደበቅ አልቻለም።

አሁን ወደ መምቻ ቤቶቹ ልሂድ። በ19ኛው መቶ ዘመን ከቪየና ሌላ የፕራግ፣ የሚላኖና የቬኒስ መምቻ ቤቶች ይሠሩ ነበር። እነዚህ ቦታዎች ዕድሜ ለመቁረጥ ይረዱናል። ሚላኖ በ1859፣ ቬኒስ በ1866 ከኦስትሪያ እጅ ወጡ። አንድ ብር የቬኒስ መሆኑ ከታወቀ ከ1866 በፊት መመታቱ ተረጋገጠ ማለት ነው። በምን ይታወቃል ካላችሁ፣ እያንዳንዱ ቤት ቅርጹን በቀረጸ ቁጥር ትናንሽ ልዩነቶች ገብተዋል። የትከሻዋ ጌጥ አንዱ ቤት ዘንድ ክብ ይመስላል፣ ሌላው ዘንድ ሞላላ ነው። በጌጡ ዙሪያ ያሉት ዕንቁዎች መጠንና አቀማመጥ ይለያያል። የሻሹ ጫፍ አወራረድ አንድ አይደለም። የንስሩ ጭራ ላባ ቁጥርና አደራደር ይለያያል። ከፊደላቱ መካከል ያሉት ነጥቦች የሚቀመጡበት ስፍራ፣ ጠርዙ ላይ በቃላቱ መካከል ያለው ሐረግ፣ እነዚህ ሁሉ ምልክት ናቸው። ኦስትሪያዊው ቫልተር ሃፍነር እነዚህን ልዩነቶች ለይቶ መዝገብ አዘጋጅቷል፤ በዓለም ያሉ ሰብሳቢዎች ብራቸውን የሚለዩት በእርሱ ቁጥር ነው። የኢትዮጵያን ክፍል ደግሞ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በሰፊው ጽፈውታል።

ወደ እኛ የገባው ጠገራ በአንድ መንገድ ብቻ አልመጣም። በ1867 እንግሊዝ በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ስትዘምት በጄኔራል ናፒየር የተመራው ጦሯ በወርቅ ፓውንድ እህልና በቅሎ መግዛት እንደማይችል ተረዳ። ስለዚህ ከቪየና 500,000 ማርትሬዛ አዝዘው አስመቱ። ጭነት ለተሸከመው፣ ገብስና ሣር ለሸጠው፣ ለመንገድ መሪው ሁሉ በዚያ ተከፈለ። ያ ሁሉ ብር እዚሁ ቀረ። ቋራ ተወልደው ጎንደርን የገዙት ንጉሥ የተሸነፉበት ዘመቻ ወጪ በየእናቶቻችን አንገት ላይ ጌጥ ሆኖ ኖሯል ማለት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን ብር አስመቱ፤ ፓሪስ ላይ፣ በ1887 ዓ.ም.። ክብደቱና ጥራቱ ከማርትሬዛ ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ ተሠራ። የምኒልክ ብር እውነተኛውን ዓመት በግዕዝ ቁጥር ይናገራል፤ እዚህም ቢሆን ሥዕሉ ይጨምራል፤ ዘውድ የደፋው አንበሳ ከፊት እግሮቹ ግራውን ወይም ቀኙን ማንሣቱ እትሞችን ይለያል። ሆኖም በሰሜኑ ገበያ ማርትሬዛን አላሸነፈም። ጣሊያንም በኤርትራ በ1891 ንጉሥ ኡምቤርቶ ያለበትን ታለር አወጣ፤ ሕዝቡ ዘውድ የጫነ ጢማም ወንድ አይቶ ገፋው። በ1918 ደግሞ ማርትሬዛን እንድትመስል ታስባ የተቀረጸች ሴት ያለችበትን ብር ሠሩ። እርሷም አልተወደደችም፤ ገበያው ያወቃት እርሷ ስላልሆነች። እነዚህ ሁለት የጣሊያን ብሮች በቤታችሁ ካሉ አስተውሉ፤ በእውነት የሚፈለጉ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለጎንደር ትልቁ ምዕራፍ ከ1935 የሚጀምረው ነው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲያስብ ከሠራዊቱ ጋር ብር እንደሚያስፈልገው አውቋል። በዚያው ዓመት ኦስትሪያ የማርትሬዛን መምቻ ቅርጽ ለ25 ዓመት ለሮም አሳልፋ ሰጠች። ሮም ያለ ዕረፍት መታች። ባንዳ ለመቅጠር፣ ባላባት ለመደለል፣ ስንቅ ለመግዛት የዋለው ይህ ነው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር በጣሊያን እጅ ወደቀች፤ የአማራ ግዛት ዋና ከተማም አደረጓት፤ ዛሬ ፒያሳ የምንለውን ሠሩ። ሊሬ ብቸኛው ገንዘብ ይሁን ብለው አዋጅ ነገሩ። የደጋው ገበሬ የወረቀቱን ሊሬ እያየ እህሉን አልሸጥም አለ። ገዥው ራሱ ወደ ጠገራው መመለስ ግድ ሆነበት። የገበያው እምቢታ ከዱር አርበኛው ጎን የሚቆም የራሱ አርበኝነት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ በታሪክ መጻሕፍታችን ግን ቦታ አልተሰጠውም።

ሮም ብቻዋን ስትመታ የቀሩት ዝም አላሉም። ብሩ በኦስትሪያ ሕጋዊ ገንዘብ ካልሆነ ማንም ሊመታው ይችላል ብለው፣ ፓሪስ በ1935፣ ለንደን በ1936፣ ብራሰልስ በ1937 ጀመሩ። ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ በ1940 ቦምቤይ ገባች። የቦምቤዩ ብር የነፃነታችን ብር ነው። ጣሊያንን ለማስወጣት ከአርበኞች ጎን የተሰለፉት የእንግሊዞቹ የኮሎኔል ሳንድፎርድ ተልዕኮ 101 እና የዊንጌት የጌዴዎን ጦር በጎጃም ሲገቡ በግመልና በበቅሎ የጫኑት መሣሪያና ማርትሬዛ ነበር። በመጨረሻ የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ በኢትዮጵያ ምድር የጣሊያን የመጨረሻው ምሽግ የተዘጋው እዚህ ነው። እስቲ አስቡት፤ በአንድ ቤት አንድ ጨርቅ ውስጥ ባንዳ የተቀጠረበት የሮም ብርና አርበኛ የተረዳበት የቦምቤይ ብር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ሁለቱም 1780 ይላሉ። የሚለያቸው ሥዕሉ ብቻ ነው።

ሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ፤ ጠገራው ቀስ በቀስ ከገበያ ወጥቶ ወደ ሣጥንና ወደ አንጥረኛ ሄደ። በውጭ ግን መመታቱ አልቆመም፤ በርሚንግሃም ከ1949 እስከ 1955 መታች፤ ከ1961 ጀምሮ ቪየና ብቻዋን ቀጠለች፤ ዛሬም ትመታለች። ለቱሪስት «የድሮ ጠገራ» ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ እነዚህ አሉ። እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ ምንም ያልተነካ፣ ሰው እጅ ያልገባ የሚመስል ብር ካያችሁ ዕድሜውን ተጠራጠሩ።

በቤታችሁ ያለውን እንዴት ትመረምሩታላችሁ? መጀመሪያ ወርቅ ቤት ወስዳችሁ በትንሿ ሚዛን አስመዝኑት። ሙሉ ብር 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ 28.0668 ግራም የሚለው ሕጋዊ ክብደቱ ነው፤ ከስድስቱ እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። በብዙ እጅ የዞረ ብር ጥቂት ይቀንሳል፤ በብዙ ከጎደለ ግን ወይ ተፍቋል ወይ ሐሰተኛ ነው። ቀጥሎ ጠርዙን አዙሩ። ፍትሕና ምሕረት የሚለው የንግሥቲቱ መሪ ቃል በላቲን ጎልቶ፣ ከሐረግ ጋር ተጽፎበታል። ሐሰተኛ ሠሪ በአሸዋ ቅርጽ ሲያፈስ የሚከዳው ይህ ጠርዝ ነው፤ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ወይም የስፌት መስመር ይታያል። ከዚያ አጉሊ መነጽር ይዛችሁ በመስኮት አጠገብ ተቀመጡ፤ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። የጌጡን ዕንቁ ቁጠሩ፣ ቅርጹን ሣሉት፣ የጭራውን ላባ ቁጠሩ፣ በስልክ ሁለቱንም ፊትና ጠርዙን አንሱ። በጣም የላመ ብር ላይ መለየቱ አይሳካም፤ ያኔ በግምት አትፍረዱ።

አደራ፣ አትወልውሉት። በሎሚ፣ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና የተፋቀ ብር ያበራል እንጂ የላይኛው ቆዳው ይሄዳል፤ ትናንሾቹ ምልክቶች ያሉት እዚያ ላይ ነው። በላዩ ላይ የአረብኛ ማኅተም ካያችሁ ደግሞ እንዳታጠፉት፤ ሒጃዝ የሚል ማኅተም የተመታባቸው አሉ፤ በቀይ ባሕር የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ማኅተሙ ራሱ በሐሰት የተመታባቸውም ስላሉ አዋቂ ይየው።

ማንጠልጠያ የተበየደበት ወይም የተበሳ ብር በውጭ ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወርዳል። እኔ ይህን ሚዛን አልቀበልም። በሣጥን ተቆልፎ የኖረ ንጹሕ ብር ስለ ቪየና ይናገራል፤ ማንጠልጠያ ያለው ግን ስለ ወገራ ሙሽራ ይናገራል። አንጥረኛው በየት በኩል እንደበሳው፣ የንግሥቲቱ ፊት ወደ ውጭ ይሁን ንስሩ፣ ማንጠልጠያው እንዴት እንደተሠራ፣ ይህ ሁሉ የአካባቢያችን ጥበብ ነው፤ የጻፈው ሰው ግን የለም። አልቦው፣ ጉትቻው፣ የአንገት መስቀሉ ከጠገራ ቀልጦ የተሠራ ነው፤ ማቅለጡ ዛሬም ቀጥሏል። የብር ዋጋ በጨመረ ቁጥር የሮሙም፣ የቦምቤዩም፣ የቬኒሱም በአንድ ድስት ይገባል።

መሸጥን አልከለክልም። ቤተሰብ ሲቸገር ያለውን ይሸጣል፤ ብሩ የተቀመጠውም ለዚያ ነበር። የምለምናችሁ ከመሸጡ በፊት ያለውን አንድ ምሽት ነው። መዝኑት፣ ሁለቱን ፊትና ጠርዙን ፎቶ አንሱ፣ በወረቀት ላይ ከማን እንደወረደ፣ አያት ከየት እንዳገኙት፣ በየትኛው ቀበሌ እንደኖረ ጻፉ። በከተማችን ያሉ አንጥረኞች ደግሞ ጠገራ ሲመጣላችሁ ከማቅለጣችሁ በፊት እንዲሁ አድርጉ። የታሪክ ተማሪዎች ይህን ሰብስባችሁ በአንድ መዝገብ ብታስቀምጡት የጎንደርን የንግድ መንገድ፣ የወረራውንና የነፃነቱን ዘመን በማስረጃ መጻፍ ይቻላል። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ከሣጥኑ ጀምሩ።